ስድስት ጀሪካን ውሃ፦ የኩላሊት እጥበትና የስምጥ ሸለቆ ሰው

አንድ የኩላሊት ሕመምተኛ እጥበት ማሽን ላይ አራት ሰዓት ሲቆይ ምን ያህል ውሃ በደሙ አጠገብ ያልፋል? ወደ 120 ሊትር። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ስድስት ጊዜ ሞልታችሁ አስቡት። ያን ውሃ ከደሙ የሚለየው አንድ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ስለዚህ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ታሪክ በከፊል የውሃ ታሪክ ነው፤ ከመተሐራ እስከ ዝዋይ፣ አዳማን ይዞ፣ ላለው ሰው ደግሞ ውሃ ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃል። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ሥራ ካስጀመረ በኋላ ሠራተኛው የጉድጓድ ውሃ ይጠጣ ነበር። እዚያ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው በለዘ፤ ለብዙ ዓመት የጠጡ አንዳንድ ሠራተኞች ደግሞ አከርካሪያቸው ደረቀ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፍሎራይድን ከሰውነት የሚያስወጣው በዋነኛነት ማን መሰላችሁ? ኩላሊት! ኩላሊት ሲደክም ፍሎራይዱ ይጠራቀማል። (ኩላሊትን በብዛት የሚያደክሙት ስኳርና ደም ግፊት ናቸው፤ ሁሉንም በውሃው ላይ አናላክ።)

በ1993 ቺካጎ ውስጥ በአንድ የእጥበት ክፍል የውሃ ማጣሪያው አቅሙ አልቆ የያዘውን ፍሎራይድ መልሶ ለቀቀውና ሦስት ሕመምተኞች ሞቱ። እዚያ ፍሎራይዱን ውሃው ውስጥ የሚጨምረው ከተማው ነው፤ እኛ ጋ ድንጋዩ ራሱ ይጨምራል። እናም በስምጥ ሸለቆ ከተማ የእጥበት ክፍል መክፈት ማሽን ገዝቶ መትከል ብቻ አይደለም። የውሃ ማጣሪያው፣ የመብራቱና የጥገና ባለሙያው ጉዳይ ከማሽኑ እኩል ይመዝናል።

ማሽኑም የሆላንድ ልጅ ነው። ቪለም ኮልፍ የተባለ ወጣት ሐኪም በ1943፣ አገሩ በናዚ ተይዛ ሳለ፣ የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎን በእንጨት በርሜል ላይ ጠምጥሞ ሠራው። የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች ሞቱ፤ በ1945 ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት ዳነች። ችግሩ፣ ለእያንዳንዱ እጥበት አዲስ የደም ሥር መክፈት ያስፈልግ ስለነበር ደም ሥሩ ያልቃል። በ1960 ሲያትል ላይ ቤልዲንግ ስክሪብነር ክንድ ላይ የሚቀር የቴፍሎን ቱቦ አበጀ። ሰው ለዓመታት መታጠብ ቻለ። ማሽኑ ግን ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ! ስለዚህ ማን ይታጠብ የሚለውን የሚወስን፣ አብዛኞቹ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ኮሚቴ የለም። ኮሚቴው ቤተሰብ ነው፤ እድሩንና ዕቁቡን፣ ላሟንና መሬቱን እየቆጠረ የሚወስነው እሱ ነው።

በኢትዮጵያ ለዘለቄታው የሚታጠቡ ሕመምተኞችን ማስተናገድ የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ፣ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ገብርኤል በተባለው የግል ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እዚያ የታጠቡ 91 ሰዎችን ተከታትሎ ከአንድ ዓመት በላይ የኖሩት ከግማሽ እንደሚያንሱ አሳየ። በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ የሚገባው ሰው፣ ገንዘቡ ስለማይበቃ ሁለቴ ይታጠባል። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ጉዞውን አሳጠረው እንጂ ሂሳቡን አላቀለለውም፤ ከዝዋይ ወይም ከመተሐራ ለሚመጣ ሰው ደግሞ መንገዱም ገና ረጅም ነው።

ሌላ ምርጫ አለ፦ በሆድ ዕቃ በኩል የሚደረግ እጥበት። አሜሪካኖቹ ፖፖቪችና ሞንክሪፍ በ1976 ባስተዋወቁት ዘዴ፣ ሁለት ሊትር ያህል የተዘጋጀ ፈሳሽ በቀን አራት ጊዜ ገደማ ሆድ ውስጥ ይገባና ይወጣል። ማጣሪያው የራስ የሆድ ዕቃ ሽፋን ነው። ማሽን የለ፣ መብራት የለ፣ ስድስት ጀሪካን የለ። ሆንግ ኮንግ ከ1985 ጀምሮ ይህን መጀመሪያ ምርጫዋ አድርጋዋለች። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች በሐሳብ ደረጃ የሚያዋጣው ይሄ ነበር። ግን በቀን ስምንት ሊትር በወር ወደ 240 ሊትር ነው፤ ሁሉም ከጀርም የጸዳና በከረጢት የታሸገ። ከውጭ በዶላር ሲገባ ሂሳቡ ይገለበጣል። ከረጢቱ ሲቀየር እጅ ካልጸዳ ደግሞ ሆድ ዕቃ ያመረቅዛል። ስለዚህ አገራችን ውስጥ ለአዋቂ ሕመምተኛ «እጥበት» ማለት እስካሁን በአብዛኛው ማሽኑ ነው።

ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀመረ፤ ለጋሹ በሕይወት ያለ ዘመድ ነበር። እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ እየታጠቡ መጠበቅን ይጠይቃል።

አንድ ውሳኔ ግን ከማሽኑ በፊት ይመጣል። በ1966 የኒውዮርክ ሐኪሞች ያሳተሙት ዘዴ አለ፤ ፊስቱላ ይባላል። ክንድ ላይ ደም ወሳጁንና ደም መላሹን ሥር አገናኝቶ መስፋት ነው። ከቱቦው ይልቅ የመመረዝ አደጋው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን እስኪጠነክር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ መሠራት ያለበት ሰውዬው ገና በእግሩ እየሄደ፣ ሥራውን እየሠራ ሳለ ነው። «ጋሼ፣ ክንድዎ ይሰፋ» ሲባል ብዙው «እስቲ መጀመሪያ ጠበሉን ልሞክር» ይላል፤ ጊዜው ያልፋል፤ ከዚያ በድንገተኛ ክፍል አንገቱ ላይ ቱቦ ይገባለታል። ኩላሊቱ እየደከመ መሆኑ የተነገረው ሰው ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችል ትንሽ ነገር አለ፦ ብዙ የማይሠራበትን ክንዱን ለይቶ፣ «ከዚህኛው ደም አትቅዱልኝ» ብሎ ለነርሷ መንገር።