ጣና የደረቀ ጊዜ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በስንዴዋ የታወቀችውን ወገራን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ዙፋኑ ላይ ዳግማዊ አጼ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ መንገዱን በሰናር በኩል አደረገና በ1772 ማብቂያ የኑብያ በረሃ ሊፈጀው ደረሰ። ነፋስ የሚነዳቸው ረጃጅም የአሸዋ ዓምዶች ወደ እሱ ሲመጡ ማየቱን በመጽሐፉ ተርኳል። የወገራ ስንዴና የኑብያ አሸዋ ለእሱ የማይገናኙ ነገሮች ነበሩ። የሁለቱን ዕጣ የሚወስነው ያው አንዱ ክረምት መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ ኮሶዬ ላይ ቆም ማለት ይወዳል። ደጋው ድንገት ይቆረጥና ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። ከዚህ ተራራማ አገር በሰሜንና በምዕራብ የሚወርደው ውሃ በተከዜና በአንገረብ በኩል አትባራን ይሞላል፤ ወደ ደቡብ የሚያዘነብለው መገጭን ይዞ ጣና ይገባል። ሁለቱም ሱዳን ይደርሳሉ።

ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ይህ ደጋ ሌላ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የስሜን ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በቧሂትና በአካባቢው ከፍታዎች የበረዶ ግግር ገፍቶ ያከማቸውን ድንጋይ መርምሮ፣ ብርዱ ከዛሬው በ7 ዲግሪ ገደማ ይበልጥ እንደነበር ገምቷል። ደኑ ወደ ታች ሸሽቷል። ውርጭ የፈረካከሰውን ዐለት የሚይዝ ሥር ስላልነበረ አጭሩ ክረምት ጠጠሩንና ሻካራውን አሸዋ ጠርጎ ይወስደው ነበር። አውስትራሊያዊው የሥነ ምድር ሊቅ ማርቲን ዊሊያምስና ባልደረቦቹ በሱዳን ገዚራ ሜዳ ያጠኑት አባይ ያወረደውን እንዲህ ያለ አሸዋ ነው፦ አባይ በበጋ ሲጎድል ነፋስ ከወንዙ አሮጌ መውረጃዎች አሸዋውን እያነሳ ዳር ዳሩን ከምሮታል።

ጣናስ? ይህ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። በዌልስ አበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ላምና ባልደረቦቹ ከሐይቁ ወለል በቱቦ ያወጡትን ደለል መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። ከላይ ለስላሳ የሐይቅ ጭቃ ነው። ወደ ታች ሲወረድ የደንገል ረግረግ ቅሪት ይመጣል፤ ከዚያም ሥር ፀሐይ ያደረቀው ጠጣር አፈር። ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ታንኳ የሚቀዘፍበት ቦታ ደረቅ መሬት ነበር። ጢስ እሳትም ከሐይቁ ተርፎ የሚፈስ ውሃ አያገኝም ነበር። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቋል።

የሰሜን አትላንቲክ ባሕር በሚቀልጥ በረዶ ቀዝቅዞ ስለነበር የክረምቱ ዝናብ ወደ እኛ መድረስ ተስኖት ነበር። ከሐይቆቹ ውሃ ያልመጣለት ነጭ አባይ በበጋ እየደረቀ፣ አሸዋ መውረጃውን አቋርጦ እስከ መከመር ደረሰ። በኮርዶፋንና በዳርፉር ሱዳኖች ቆዝ የሚሉት የአሸዋ ክምር ዛሬ አሸዋ ከሚንቀሳቀስበት ብዙ ርቆ በስተደቡብ ድረስ ይንቀሳቀስ ነበር።

ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ተመለሰ። የምድር ዘንግ ቀስ ብሎ በመዞሩ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሰኔና የሐምሌ ፀሐይ በረታ፤ እርጥብ ነፋስም ወደ አህጉሩ ጠልቆ ገባ። ጣና ሞላ፤ ሰሃራ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሐይቅና ሣር ለበሰ። የአሸዋው ክምር በሣርና በግራር ሥር ተይዞ ቆመ። የቆመበትን ዘመን የሚናገረው ራሱ አሸዋው ነው፤ የኳርትዝ ቅንጣት ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ካየ ወዲህ የቆየበትን ዕድሜ በላቦራቶሪ መለካት ይቻላል። ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ዝናቡ ወደ ደቡብ አፈገፈገ፣ ሰሃራም በረሃ ሆነ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎና ትግራይ ሲራቡ፣ በኮርዶፋንና በዳርፉርም የቆመው አሸዋ በየቦታው መንቀሳቀስ ጀመረ። ያኔ ጋዜጦች «በረሃው እየገሰገሰ ነው» ይሉ ነበር። አባባሉ አይዋጥልኝም፤ በረሃ እግር የለውም። አብዛኛው አሸዋ ድሮም እዚያው ነበር። የያዘው ሣርና ግራር ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ፣ ከብት ሲበዛና ዛፉ ለማገዶ ሲያልቅ ይለቀቃል። የእኛም ዳገት ከዚህ ሕግ አይወጣም፤ የወገራ ተረተር ሲራቆት አፈሩ ሱዳን ለመድረስ የዚያን ጥንታዊ ዘመን ብርድ መጠበቅ አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ላምና ባልደረቦቹ ከጣና ወለል የወጣ 90 ሜትር ያህል ደለል የ150 ሺህ ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ እንደያዘ አሳተሙ። የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ከእንግሊዝኛው የምርምር መጽሔት አውጥተው በአማርኛ ለደምቢያና ለወገራ ተማሪዎች ቢያደርሱት መልካም ነው፤ የአገራቸው ታሪክ ነውና።