ማረሻ ያልነካው ማሳና የፀረ አረም እጥበት በመቱ ዙሪያ

ኢሉባቦር በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ አካባቢዎች አንዱ ነው። በመቱ ዙሪያ ካለው ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ሶር ወንዝ ይገባል፤ ሶር ወደ ገባ ይፈስሳል፤ ገባና ብርብር ሲገናኙ ደግሞ ባሮ ይሆናሉ። በበቆሎ ማሳ ላይ የተረጨ ፀረ አረም የባለማሳው ጉዳይ ብቻ ሆኖ የማይቀረው ለዚህ ነው።

ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ከክልል ግብርና ቢሮዎች ጋር ሆኖ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ያስተዋወቀው ዘዴ ማሳው ሳይታረስ፣ አረሙ በግላይፎሴት ከደረቀ በኋላ መዝራት ነው። ዘዴው እጥበትን እንደሚቀንስ ለማሳየት የአሜሪካ ሙከራዎች ይጠቀሳሉ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ በተፈጥሮ ዝናብ ሥር ሳይታረስ የሚለማ ማሳ የፀረ አረም እጥበትን በአማካይ 70 በመቶ ቀንሷል ይላል። አሃዙን እንዳለ ወደ መቱ ማምጣት ግን አይገባም። የዚያ ማሳ ገጽ በአገዳ የተሸፈነ ነው። የኛው አገዳ ለከብት፣ ለማገዶና ለአጥር ይሄዳል፤ የቀረውን የተለቀቀ ከብት ይግጠዋል። ያልታረሰና የተራቆተ መሬት ውኃ ከማስረግ ይልቅ ያንሸራትታል። አገዳው ቢቀርም እንኳ በላዩ ያረፈው መድኃኒት በመጀመሪያው ዝናብ ስለሚታጠብ፣ የጎርፉ መጠን ቢያንስም የኬሚካሉ ክምችት ሊጨምር ይችላል።

ካልታረሰው ጋር የሚነጻጸረው «የታረሰ ማሳ» የሚለው ምድብ ራሱም ያሳስታል። ማረሻ በሁለት ትልም መካከል ያልተነካ መሬት ስለሚተው፣ ገበሬው ቀጣዩን እርሻ አቋርጦ ያርሳል፤ በተዳፋት ላይ ከሁለቱ አንዱ ቁልቁል መውረዱ አይቀርም። የመጨረሻው ትልም ቁልቁል ከሆነ የውኃ ቦይ ተቀደደ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት የእርሻ ድግግሞሽ ከሚቆጠር ይልቅ የመጨረሻው ትልም አቅጣጫ ቢመዘገብ ይሻላል።

ኬሚካሎቹም አንድ አይደሉም። ግላይፎሴት የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ በበዛበት ቀይ አፈር ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ በአብዛኛው ከአፈሩ ጋር ይሄዳል፤ አፈርን ማስቀረት እርሱንም ማስቀረት ነው። (በዘር ወቅት ከማዳበሪያ የሚመጣው ፎስፌት ያንኑ ቦታ እንደሚሻማው ግን ልብ ይሏል።) በጤፍና በበቆሎ ላይ ሰፊ ቅጠል አረምን የሚያጠፋው ቱ ፎር ዲ በአፈር ላይ ብዙም አይጣበቅም፤ ከውኃው ጋር ይወርዳል። ግማሹ አፈር ውስጥ በ10 ቀን ገደማ ስለሚበሰብስ እጣው የሚወሰነው በርጭቱና በመጀመሪያው ጎርፍ መካከል ባሉት ቀናት ነው። በሐምሌ መቱ ላይ ዝናብ የማይጥልበትን ሳምንት ልጠብቅ የሚል ገበሬ ግን አረሙ ይቀድመዋል።