ስለ ገና ዛፍ የብርጭቆ ጌጦችና ስለ ሁለት ቤቶች መታሰቢያ

የታሪክ ተማሪ ዘወትር የሚመረምረው የነገሥታትን ዜና መዋዕል፥ የውል ደብዳቤዎችንና የጦርነትን ወሬ ነው። ዳሩ ግን ሰው ያለፈውን ዘመን የሚያስቀምጠው በብራናና በወረቀት ብቻ አይደለም፤ በዕቃም ያስቀምጠዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ዕቃ እጅግ ቀላልና ተሰባሪ ነው፤ እርሱም በገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው የብርጭቆ ጌጥ ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ወደዚህ ምርመራ ያደረሰን አንድ ትንሽ አደጋ ነው። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዲት አሜሪካዊት መምህርት ነበሩ። እርሳቸውም ገና ሲቃረብ የጽድ ቅርንጫፍ አስቆርጠው በክፍሉ ጥግ ያቆሙና ከእናታቸው የወረሱትን የካርቶን ሣጥን ያወጡ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ጌጦቹ አንድ በአንድ በጥጥ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። «ይህ የአያቴ ነበር፤ ያኛው ወንድሜ በተወለደበት ዓመት የተገዛ ነው፤ ይህ ደግሞ አጎቴ ወደ ጦርነት በሄደበት ዓመት የተገዛ ነው፤ በእርጅና ምክንያት የብር ቅቡ ለቆታል፤ ክዳኑም ስለ ጠፋ በወረቀት ተተክቷል» እያሉ ይነግሩን ነበር። አንድ ዓመት ከመካከላችን አንዱ የወይን ዘለላ የሚመስለውን ጌጥ ከእጁ ቢጥለው ተሰበረ። መምህርታችን አልተቆጡም፤ ነገር ግን ስብርባሪውን ሲለቅሙ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የዕቃው ዋጋ በገበያ ቢሆን ጥቂት ብር ነበር። «ማን ሠራው?» ብለን ብንጠይቃቸው አላወቁም። በቀረችው የቆርቆሮ ክዳን ላይ ግን «ጀርመን» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ታትሞ አየን።

ዛፍን ለገና ማስጌጥ ከብርጭቆው ጌጥ ይልቅ የቆየ ልማድ ነው። በ1605 በስትራስቡርግ ከተማ ሰዎች በቤታቸው ዛፍ አቁመው ከባለ ብዙ ቀለም ወረቀት የተሠራ ጽጌረዳ፥ ፖም፥ ስስ ቂጣና ጣፋጭ ይሰቅሉበት እንደ ነበረ አንድ መንገደኛ ጽፏል። እነዚህ ጌጦች በዓሉ ሲያልፍ ይበላሉ ወይም ይጣላሉ። ስለዚህ ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፉ አይችሉም ነበር። ጌጡ የቤተ ሰብ መታሰቢያ ለመሆን የቻለው ከማይበላሽ ነገር መሠራት ከጀመረ በኋላ ነው።

ይህም የሆነው በጀርመን አገር በቱሪንጊያ ደን ውስጥ በምትገኘው ላውሻ በምትባል ትንሽ ስፍራ ነው። በ1597 ሐንስ ግራይነርና ክሪስቶፍ ሙለር የተባሉ ባለሙያዎች በዚያ የብርጭቆ ማቅለጫ አቆሙ። ደኑ ለእቶኑ ማገዶ ይሰጥ ነበር። ልጅ ከአባቱ እየተማረ፥ የላውሻ ሰዎች መጠጫና ዶቃ፥ ከ1835ም ጀምሮ በሉድቪግ ሙለር ኡሪ ጥበብ ዓይናቸው ለጠፋ ሰዎች የብርጭቆ ዓይን ይሠሩ ነበር።

ስለ ዛፉ ጌጥ አጀማመር ሲነገር፥ አንድ ድኻ ብርጭቆ ነፊ ፖምና ለውዝ የሚገዛበት ገንዘብ ቢያጣ ለልጆቹ የብርጭቆ ፍሬ ነፋላቸው ይባላል። ይህ አፈ ታሪክ ነው። በጽሑፍ የሚገኘው ማስረጃ ግን የ1848 የትእዛዝ መዝገብ ነው፤ በእርሱም ስድስት ደርዘን የገና ኳሶች መታዘዛቸው ተመዝግቧል። አፈ ታሪኩ ሰዎቹ ስለ ራሳቸው ሊያስታውሱ የወደዱትን ሲነግረን፥ መዝገቡ ሥራው ገና ከጥንቱ ለሽያጭ እንደ ነበረ ይነግረናል።

በ1867 በላውሻ የጋዝ ማምረቻ ተቋቋመ። ነበልባሉ የበረታና እንደ ልብ የሚታዘዝ ስለ ሆነ፥ ነፊዎቹ ከዱሮው ይልቅ ትልቅና ስስ ኳስ ለመንፋት ቻሉ። የጋለውንም ብርጭቆ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየነፉ የፍራፍሬ፥ የወፍና የመላእክት ምስል ያወጡ ጀመር። የሚያብረቀርቀው ከውስጥ ነው፤ ብር የሟሟበት ፈሳሽ በቀጭኑ አንገት ገብቶ ሲናጥ የውስጡን ግድግዳ እንደ መስተዋት ይለብጠዋል። የመምህርታችን የወይን ዘለላ በተሰበረ ጊዜ ብሩን በስብርባሪው የውስጥ ገጽ ያየነው ስለዚህ ነው።

ሥራው የሚሠራው በፋብሪካ ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ነበር። አባት በነበልባሉ ፊት ተቀምጦ ይነፋል፤ እናት ብሩን ትለብጣለች፤ ልጆችም ቀለም ይቀባሉ፥ ክዳን ይገጥማሉ። የተሠራው ዕቃ በትልልቅ ቅርጫት ይሞላና ሴቶቹ በጀርባቸው አዝለው በሶነበርግ ከተማ ላሉ ነጋዴዎች ያደርሱት ነበር። ዋጋውን የሚወስኑት ነጋዴዎቹ ስለ ሆኑ ለቤተ ሰቡ የሚተርፈው ጥቂት ነበር። የሌሎች ልጆች ገናን በደስታ እንዲያከብሩ፥ የላውሻ ልጆች ከበዓሉ በፊት ያሉትን ወራት በሥራ ያሳልፉ ነበር።

ዕቃው ወደ አሜሪካ በብዛት የገባው በንግድ ነው። በፔንሲልቫኒያ በላንካስተር ከተማ ሱቅ የነበረው ፍራንክ ዉልዎርዝ በ1880 ከአንድ አስመጪ ጥቂት ጌጦችን የገዛው ሳይወድ በግድ እንደ ነበረ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ወዲያው ተሸጠው ቢያልቁበት ግን በየዓመቱ አብዝቶ ያዝዝ ጀመር። ሱቆቹም ርካሽ በመሆናቸው የሠራተኛው ቤተ ሰብ እንኳ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ጌጥ ለመግዛት ቻለ። ጌጥ የዓመታት መቁጠሪያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ በአንድ ጊዜ ያልተገዛ ሣጥን እያንዳንዱን ዓመት ለየብቻው ያስታውሳል።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲቃረብ የጀርመን ዕቃ እንደሚቋረጥ ስለ ታወቀ፥ በ1939 በአሜሪካ የኮርኒንግ ኩባንያ የመብራት አምፑል የሚሠራበትን መኪና ለጌጥ አዋለው። ላውሻ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚነፋውን መኪናው በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ብርና ብረት ለጦር ሥራ ስለ ተፈለጉ ኳሶቹ ያለ ብር ቅብ፥ በቀጫጭን የቀለም መሥመር ብቻ ተሸልመው ይሸጡ ነበር፤ ክዳናቸውም የወረቀት ካርቶን ሆነ። እዚህ ላይ የመምህርታችን ጌጥ ትዝ አለን። የብር ቅቡ በእርጅና የለቀቀ፥ ክዳኑም የጠፋ መስሏቸው ነበር፤ ነገሩ ግን ከመጀመሪያው እንዲያ ሆኖ የተሠራ ነው። የቤተ ሰቡ ቃል ዓመቱን በትክክል ጠብቋል፤ ምክንያቱን ግን ረስቷል። ዕቃው ደግሞ ምክንያቱን ይዞ ቆይቷል።

ከጦርነቱ በኋላ ላውሻ በሶቪየት ይዞታ ሥር ዋለች፤ ከ1949 ጀምሮም በምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ቀረች። አንዳንድ ነፊዎች ድንበሩን ተሻግረው በባቫሪያ በኖይሽታት አጠገብ ሥራቸውን እንደ ገና ጀመሩ። ስለዚህ በክዳን ወይም በሣጥን ላይ «ጀርመን»፥ «የአሜሪካ ይዞታ ክፍል»፥ «ምዕራብ ጀርመን» የሚሉትን ቃላት የሚያነብ ሰው፥ የአንድ አገር መከፈል በጣት በምትያዝ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ያገኛል። በ1990 ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ በላውሻ በእጅ የመሥራቱ ሙያ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ ቆይቷል። በ2023ም ዩኔስኮ የእጅ ብርጭቆ ሥራን የጀርመንና የሌሎች አምስት የአውሮጳ አገሮች የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

ከዚህ ሁሉ የተረዳነው አንድ ነገር ነው። አንድ ጌጥ የሁለት ቤቶችን ታሪክ ይይዛል፤ የገዛውንና የሠራውን። የገዛው ቤት የራሱን ታሪክ ለልጅ ልጁ ይነግራል፤ የሠራው ቤት ታሪክ ግን ቅርጫቱ ሶነበርግ ሲደርስ ከዕቃው ይለያል። መምህርታችን የአያታቸውን ስም ያውቁ ነበር፤ በብርጭቆው ውስጥ እስትንፋሱ የገባውን ሰው ስም ግን ማንም አልነገራቸውም። ዛሬም በአዲስ አበባ ሱቆች ገና ሲደርስ የምናየው የፕላስቲክ ጌጥ ብዙው ከቻይና የሚመጣ ነው፤ በዚያም ዪዉ የምትባለው ከተማ የዚህ ንግድ ዋና ማዕከል ናት። እኛም በበኩላችን የሠራተኞቹን ስም ሳንጠይቅ እንገዛለን።

ስለዚህ ተማሪ ጓደኞቻችን በየቤታቸው ያለውን የቆየ ዕቃ፥ የእናታቸውን መሶብ ወይም የአያታቸውን የአንገት መስቀል፥ ሲመለከቱ «የማን ነበር?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ማን ሠራው?» የሚለውንም እንዲጨምሩ እናሳስባለን። የሚመልሱት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይሻላል። የዚህን ጽሑፍ አንድ ቅጅ አሁን ወደ አገራቸው ለተመለሱት መምህርታችን እንልክላቸዋለን፤ የሰበርነውን ልንተካላቸው ባንችልም፥ ከየት እንደ መጣ ልንነግራቸው እንችላለን። ስሕተት ቢገኝበት አንባቢ በቅንነት እንዲያርመን እንለምናለን።