«ፈቃድ»፣ «ሥልጣን» እና «ውክልና»፦ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ስለሚሰጥ ፈቃድ ታሪክና ስያሜ

አንድ ሙያዊ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ከቃሉ ጋር የተያያዘው የኃላፊነት ድርሻም አብሮ ይመጣል። ዛሬ በመሥሪያ ቤቶች የመልእክት መለዋወጫ ሶፍትዌር ውስጥ፣ ሠራተኞች በሚነጋገሩበት ቻናል ገብተው መልእክት የሚያነቡ፣ መልስ የሚጽፉና ፋይል የሚፈልጉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ይገኛሉ። ምን እንዲያዩና ምን እንዲሠሩ ይፈቀድላቸው የሚለው ጥያቄ የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የተርጓሚም ጥያቄ ነው። አማርኛ አንባቢው «ፍቀድ» የሚለውን ሲጫን ምን አሳልፎ እንደሚሰጥ የሚነግረው ቃሉ ነውና።

ነገሩ አዲስ ይምሰል እንጂ ታሪኩ ከስድሳ ዓመት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለእይታ የቀረበው ሥርዐት ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር እንዲሠሩ ስላስቻለ፣ የአንዱን ፋይል ከሌላው መጠበቅ ግድ ሆነ፤ የይለፍ ቃልም በዚያው ሥራ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ የሆነው የመልቲክስ ንድፍ ማን ሊያነብ፣ ማን ሊጽፍ እንደሚችል የሚያሳይ ዝርዝር ከየፋይሉ ጋር እንዲያያዝ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሳልትዘርና ሽሮደር፣ ማንኛውም ፕሮግራም ሆነ ተጠቃሚ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን እንዳይኖረው የሚያዘውን መርሕ በጽሑፍ አጸኑ።

ለዛሬው ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ኖርም ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1988 የጻፈው ነው። አንድ ኮምፓይለር የሒሳብ መዝገብ በሚገኝበት ማኅደር የመጻፍ ፈቃድ ነበረው። ይህ ፈቃድ የሌለው ተጠቃሚ የውጤት ማስቀመጫ አድርጎ የዚያኑ መዝገብ ስም ሰጠው፤ ኮምፓይለሩም በገዛ ፈቃዱ ጽፎበት ሒሳቡን አጠፋ። አገልጋዩ አልከዳም፤ የማንን ሥልጣን ለማን ጉዳይ እንደሚጠቀም ግን መለየት አልቻለም። ዛሬም የቋንቋ ሞዴል በሚያነበው መልእክት ውስጥ የተሸሸገን ትእዛዝ ከባለቤቱ ትእዛዝ በአስተማማኝ ሁኔታ ስለማይለይ ያው ችግር ሰፍቶ ተመልሷል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውና እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለተኛ እትሙ የታተመው ኦአውዝ የተባለው ደንብ፣ ሰው የይለፍ ቃሉን ሳይሰጥ የተወሰነና ሊሻር የሚችል ፈቃድ ለሌላ ፕሮግራም እንዲሰጥ አስቻለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ የተከፈተው ስላክም በዚሁ ይሠራል፤ መልእክት ማንበብና መልእክት መጻፍ በየስማቸው የሚጠየቁ ልዩ ልዩ ፈቃዶች ናቸው። ከዚህም ሌላ መሣሪያው በተጠቃሚው ስም ወይም በራሱ ስም ሊሠራ ይችላል፤ በተጠቃሚው ስም ሲሠራ ተጠቃሚው የሚያየውን ሁሉ ለማየት ይቀርባል።

እንግዲህ ለዚህ ምን ስም እንስጠው? «እንደራሴ» የሚለው አማራጭ ማራኪ ነው። «እንደ» እና «ራሴ» ከሚሉት የተገነባ፣ በመንግሥት ታሪክም የከበረ ቃል ነው፤ በ1909 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተብለዋል። የማይስማማንም በዚሁ ምክንያት ነው። ቃሉ ሙሉነትን ያሰማል፤ መሣሪያው ግን እንደ ባለቤቱ ሊቆጠር አይገባም።

«ወኪል» የተሻለ ነው እንላለን። በግዕዝ «ተወከለ» መታመንን፣ መተማመንን ያመለክታል። እምነት ብቻውን እንደማይበቃ ከላይ አይተናል፤ ነገር ግን የሕግ አማርኛችን ለቃሉ አጥር ሠርቶለታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2203 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚያስችል፣ በቁጥር 2205 ደግሞ ከዚያ ለሚያልፍ ሥራ ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ይህ ሳልትዘርና ሽሮደር ካጸኑት መርሕ ጋር በመንፈስ ይገናኛል፤ አማርኛ አንባቢም ውክልና እንደሚወሰንና እንደሚሻር ያውቃል።

«ፈቃድ» እና «ሥልጣን» መለያየት አለባቸው። በግዕዝ «ፈቀደ» ፈለገ፣ ወደደ ማለት ነው፤ አማርኛም «በራሱ ፈቃድ» ሲል ይህን ትርጉም ጠብቆ፣ «የመንጃ ፈቃድ» ሲል ግን ለይሁንታ አውሎታል። ስለሆነም «ፈቃድ» ባለቤቱ ለሚሰጠው ይሁንታ፣ «ሥልጣን» ወኪሉ በዚያ ይሁንታ ለሚያገኘው ችሎታ ቢቀር ይበጃል። ሁለቱን በአንድ ቃል መተርጎም ሰጪውንና ተቀባዩን ያደበላልቃል።

በዚህ መሠረት ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ለመሣሪያው «ወኪል»፤ ለሁለቱ ዐይነቶች «በተጠቃሚው ስም የሚሠራ ወኪል» እና «በራሱ ስም የሚሠራ ወኪል»፤ ለፈቃዱ ስፋት «የፈቃድ ወሰን»፤ ፈቃዱን ለሚያረጋግጠው ምስጢራዊ ኮድ «የውክልና ማስረጃ»፤ ፈቃድን ለማንሣት «መሻር»። ከእነዚህ አንዳቸውም አዲስ ፈጠራ አይደሉም። ውክልና የሰጠ ሰው የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች፣ ማለት ለማን፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ የሚሉትን፣ «ፍቀድ» የሚለውን ሊጫን የተዘጋጀው ተጠቃሚም እንዲጠይቅ ያስታውሱታል ብለን እናምናለን።