ግድቡ ሳይደርስ የመጣው አምፖል

በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ በሆነበት ዘመን መብራት ኃይል ለደንበኞቹ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ማከፋፈል መጀመሩን እናስታውስ። የድሮው አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን በሙቀት ያባክናል፤ አዲሱ በሩብ ያህሉ ያንኑ ብርሃን ይሰጣል።

ጥር 2003 ዓ.ም. መለስ ዜናዊ ጂንካ ላይ በአርብቶ አደሮች ቀን ሲናገሩ ግን ወሬው ግድብና ስኳር ነበር። 1,870 ሜጋ ዋቱ ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ውሃው መጠራቀም ከጀመረ ወዲህ ሙርሲና ዳሰነች ማሽላ የሚዘሩበት የኦሞ ሙላት እንደ ቀድሞው መሆኑ ቀረ።

አምፖል ግድብን ይተካል አንልም። ግን የማንንም ማሳ ሳይነካ የተገኘ ኃይል ነው። እሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ውስጡ ሜርኩሪ አለ። ሲሰበር መስኮት መክፈት፣ ስባሪውንም በባዶ እጅ አለመንካት ያስፈልጋል። ለመሆኑ ይህን ለቢሮ ጽዳት ሠራተኞች የነገራቸው አለ?