ከሰዕድ ደረት እስከ ሲቀላ መናኸሪያ፦ የልብ ሕመምን የማወቅ ታሪክ

ሲቀላ የአርባ ምንጭ የታችኛው ክፍል ነው። ገበያው የሚደራው፣ ከጨንቻና ከዶርዜ ደጋ የወረደ ሰው ጉዳዩን የሚፈጽመው እዚያ ነው። በዚያ ገበያ መካከል አንድ ሰው ደረቱን ይዞ «ልቤን አመመኝ» ቢል ምን ማለቱ ነው? ቋንቋችን በዚህ በኩል አያግዘንም። ጨጓራው የሚያቃጥለውም «ልቤን» ይላል፤ ሐሳብ የገባውም እንዲሁ፤ እውነትም ልቡ የታመመው እንዲሁ። ስለዚህ በደረት ሕመም ከቢላዋው በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ እርሱም በሽታውን ለይቶ ማወቅ ነው። የዚህ ሥራ ታሪክ ረዥም ነው። ሙስሊም ጠቢባንም በታሪኩ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ከሶሐባዎች ዘመን እንጀምር። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቋቸው ገቡ፤ እጃቸውንም በደረታቸው ላይ አኖሩ። ሰዕድም የዚያ እጅ ቅዝቃዜ እስከ ልባቸው ድረስ እንደተሰማቸው ተናግረዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሕመሙ የልብ መሆኑን ነግረዋቸው፣ ሕክምና ወደሚያውቀው የሰቂፍ ሰው ወደ ሐሪስ ኢብን ከለዳ እንዲሄዱ አዘዟቸው፤ የመዲና ዐጅዋ ቴምርንም አያይዘው ጠቀሱላቸው። ዘገባው በአቡ ዳዉድ ሱነን ውስጥ ይገኛል። በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት የተናገሩት ቢኖርም፣ መታከምን የሚያዝዙ ሌሎች ሐዲሶች ፍሬ ነገሩን ያጠናክሩታል። እጃቸው የተባረከው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) በሽተኛውን ወደ ሐኪም መላካቸውን ልብ ይሏል። ዛሬ በየቤታችን «ቁርኣን ይቀራበት ወይስ ሐኪም ቤት ይሂድ?» ተብሎ የሚነሣው ክርክር ለእነዚያ ሰዎች ክርክር አልነበረም።

ከዚያ አምስት መቶ ዓመታት ያህል ተሻግረን ወደ አንደሉስ እንሂድ። የሴቪሊያው አቡ መርዋን ኢብን ዙህር በ557 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1162) ነው ያረፉት። ቤተሰቡ ትውልድ ለትውልድ የሐኪም ቤተሰብ ነበር፤ ሴት ልጃቸውና የእርሷም ልጅ ሳይቀሩ በሴቶች ሕክምና የታወቁ ነበሩ። ኢብን ዙህር «አት-ተይሲር» በተሰኘው መጽሐፋቸው ልብን የሚሸፍነው ከረጢት እንደሚያብጥና ፈሳሽ እንደሚይዝ ገለጹ። በደረት መካከል ስለሚነሣ እብጠትም ጻፉ። የጉሮሮ ቧንቧን መቅደድ ሰውን ይገድል እንደሆነ ለማወቅ ፈልገውም በመጀመሪያ በፍየል ላይ ሞከሩት፤ ፍየሏም ቁስሉ ድኖላት ተነሣች።

የልብ ከረጢት በሽታ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ሳንባ ነቀርሳ አንዳንድ ጊዜ ከሳንባ አልፎ ይህን ከረጢት ይይዛል። በመጀመሪያ ውሃ ይቋጥራል፤ ቆይቶ ግን ከረጢቱ ይወፍርና ይደርቃል፤ ልቡንም እንደ ጠበበ ልብስ አንቆ ይይዘዋል። ያን ጊዜ የአንገት ደም ሥሮች ይገተራሉ፣ እግር ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይሞላል። ሆዱ የተነፋ ሰው ሲታይ ደግሞ «ጉበት ነው» ይባላል። በሽተኛው የጉበት መድኃኒት እየዋጠ፣ ወይም ከአንዱ ባሕል ሐኪም ወደ ሌላው እየዞረ ዓመት ያልፈዋል፤ ጉበቱ ግን የጥፋቱ ባለቤት አይደለም። ሕክምናው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትና፣ ከረጢቱ ደርቆ ከተገኘ፣ ደረትን ከፍቶ ሽፋኑን ከልብ ላይ እየላጡ ማንሣት ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና በጀርመን አገር በ1913 እ.ኤ.አ. ገደማ ተጀመረ። ኢብን ዙህር ከረጢቱን ከገለጹ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው።

ከኢብን ዙህር በኋላ የመጡት የደማስቆው ተወላጅ ኢብን አን-ነፊስ ናቸው፤ በካይሮ የሻፊዒ መዝሀብ ፈቂህም ሐኪምም ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት ለአንድ ሺሕ ዓመት ያህል የግሪኩን የጋሌኖስን ቃል የነቀነቀው አልነበረም፤ ደም ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ውስጥ በተሠሩ ረቂቅ ቀዳዳዎች ነው ይባል ነበር። ታላቁ ኢብን ሲናም ይህንኑ ተቀብለውት ነበር። ኢብን አን-ነፊስ ግን እ.ኤ.አ. በ1242 በኢብን ሲና ቃኑን ላይ በጻፉት ማብራሪያ ግድግዳው ድፍን መሆኑን ተናገሩ። ደሙ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል አሉ። ልብ የሚመገበውም በገዛ ሥጋው ውስጥ በተዘረጉ ደም ሥሮች ነው ሲሉ ጻፉ። እንግሊዛዊው ሃርቬይ ስለ ደም ዝውውር መጽሐፉን ያወጣው በ1628 እ.ኤ.አ. ነው። የኢብን አን-ነፊስ ሐሳብ ግን ተረስቶ ኖሮ፣ አት-ታታዊ የሚባል ግብፃዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 በጀርመን አገር በጻፈው የምርምር ሥራ ነው ዳግም ለዓለም የታወቀው።

እኒህ ሰው በመጨረሻ ሕመማቸው ወይን ጠጅ እንደ መድኃኒት ቢታዘዝላቸው፣ ወይን በሆዴ ይዤ አላህን አልገናኝም ብለው እንደተዉት ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውንም ለመንሱሪ ሆስፒታል ወቅፍ አድርገው በ1288 እ.ኤ.አ. ዐረፉ።

ጋሌኖስ የሁሉ ሰው ልብ እንዲህ ነው ያለው ቀዳዳ በእውነቱ ጥቂት ሕፃናት ይዘውት የሚወለዱት በሽታ ሆኖ መገኘቱ ይገርማል። እንዲህ ያለ ሕፃን ጡት ሲጠባ ያልበዋል፣ ይደክመዋል፣ ክብደት አይጨምርም። ቀዳዳውን ለመድፈን ልብን ከፍቶ መሥራት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ደሙን ማን ያዘዋውር? አሜሪካዊው ሐኪም ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 በመሣሪያ ደም እያዘዋወረ የአንዲት ወጣት ልብ ጠገነ። በማግሥቱ ዓመት በመጋቢት ወር ሊለሃይ የተባለ የሚኒሶታ ሐኪም ሌላ መንገድ ሞከረ፦ የአንድ ዓመት ሕፃንን ደም ሥር ከአባቱ ደም ሥር ጋር አገናኝቶ፣ የአባትየው ልብና ሳንባ ለሁለቱም እየሠሩለት በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ያለውን ቀዳዳ ሰፋ። ሕፃኑ ከቀናት በኋላ በሳንባ ምች ሞተ። መንገዱ ግን ተከፈተ፤ በዚሁ ዘዴ በርካታ ሕፃናት ዳኑ። በእነዚያው ዓመታት በስዊድን ኤድለርና ኸርትስ በድምፅ ሞገድ የልብን እንቅስቃሴ ከውጭ ማየት ቻሉ። ዛሬ «ኤኮ» የምንለው ምርመራ ይህ ነው። ቆዳ ሳይነካ ቀዳዳውን፣ ውሃ የቋጠረውን ከረጢትና የተበላሸውን ቫልቭ ያሳያል።

በአገራችን የሕፃናት ልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት አቋቋሙ። በመጀመሪያ ሕፃናቱ ወደ ውጭ አገር ነበር የሚላኩት። በ2009 እ.ኤ.አ. ግን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ፤ ከውጭ የሚመጡ ቡድኖች ይሠሩበት ጀመር፤ ኋላም ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው ሥራውን ያዙት። ተራ የሚጠብቁት ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። ከሲቀላ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ፣ ማደሪያ መፈለግ፣ ቀጠሮ መጠበቅ የቤተሰብን ጥሪት ይጨርሳል። ዘግይቶ የደረሰ ደግሞ የልቡ ጡንቻ ከደከመ ቢላዋውም ላያድነው ይችላል።

ከእነዚያ ተራ ጠባቂዎች ብዙዎቹ ግን ቀዳዳ ይዘው የተወለዱ አይደሉም። ሕመማቸው በልጅነት ከጉሮሮ ቁስል የመጣ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ ጉሮሮን ያቆስላል፤ በጊዜው ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፣ ትኩሳት ይነሣል፤ ሲደጋገምም የልብ ቫልቮችን ያኮማትራል። እኛ ግን ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን እናስቆርጠዋለን፤ ጉልበቱ ሲያብጥም «ብርድ ነው» ብለን በቅባት እናሸዋለን። ጉሮሮው በጤና ጣቢያ ታይቶ ፔኒሲሊን ቢታዘዝለት ልቡ ሳይነካ ይቀር ነበር። በሽታው አንድ ጊዜ የጀመረው ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌ እየተወጋ ለዓመታት ከተከታተለ ቫልቩ ይበልጥ ከመበላሸት ይጠበቃል።

መርፌው የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ በእኛ ቤት አንዱ ረመዷን ነው። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ምግብ ያልሆነ መርፌ፣ በጡንቻም ይሁን በደም ሥር ቢሰጥ፣ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ስለዚህ የቀጠሮው ቀን ረመዷን ውስጥ ቢውል ልጁ እንደጾመ ሊወጋ ይችላል። ልቤ አልረጋም የሚል ወላጅም፣ ማታ ክፍት የሆነ ጤና ተቋም ካገኘ፣ በዚያው ቀን ከኢፍጣር በኋላ ይዞት ይሂድ።