ግቢ የሌለው መኪና

ከሚዛን ወይም ከተፒ ወጥቶ ወደ ቡና እርሻ ቀበሌዎች ገባ ብሎ የተመለሰ መኪና፣ ሲወጣ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ ሲመለስ ቀይ ነው። የደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር አፈር ብረት የበዛበት ሸክላማ ቀይ አፈር ነው። ቡናው ይወደዋል፤ ጥልቅ ነው፣ እርጥበት ይይዛል። ያው ጠባዩ ግን ለመኪና ጠላት ነው። በበጋ አቧራ ሆኖ በበር ስንጥቅ ይገባል። በዝናብ ጊዜ ጭቃ ሆኖ ከጎማው በላይና ከሻንሲው ሥር ይለጠፋል፤ ቶሎ ስለማይደርቅ ብረቱን ቀስ እያለ ያዝገዋል። ሲደርቅ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ ልጥረገው ያለ ሰው ቀለሙን ይፍቃል።

ስለዚህ በዚህ አገር መኪና ማጠብ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ችግሩ ቦታው ነው። ግቢ ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ያጥባል። በኮንዶሚኒየም ወይም በኪራይ ፎቅ የሚኖረውስ የት ይጠብ? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳል።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተቀምጠውበት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንት፣ የኤምባሲና የትልልቅ ነጋዴዎች ንብረት ሆኖ ቆየ። እነዚህ ሁሉ ሰፊ ግቢ ነበራቸው፤ ውሃ የሚቀዳ፣ የሚያጥብ፣ የሚወለውል ሰውም ነበራቸው። የመኪና ንጽሕና በአገራችን የግቢ ሥራ ሆኖ ተጀመረ። ውሃው ከየት መጣ፣ እጣቢው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የጣልያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ወረራ ጣልያኖች የጦር ካሚዮኖቻቸውን የሚያንቀሳቅሱበት መንገድ ሠሩ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደውም አንዱ ነው። ወረራው ሲያበቃ እዚሁ የቀሩ ጣልያኖች ጋራዥ ከፈቱ፣ ኢትዮጵያውያን መካኒኮችን አሠለጠኑ። ቃላቸውም ቀረ፦ ኮፋኖ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ። ከእነሱ ጋር አንድ ቃል አብሮ ገባ፦ ላቫጆ። በጣልያንኛ እጥበት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ መኪና ከግቢ ውጭ፣ በክፍያ፣ በባለሙያ የሚታጠብበት ቦታ ስም አገኘ።

ላቫጆ ግን የከተማ ነገር ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንገድ እየሰፋ ሲሄድ፣ ወደ ቡናው አገር የሚወርደው የጭነት መኪና ላቫጆው ወንዝ ሆነ። ሾፌሩ ከድልድይ አጠገብ ያቆማል፣ ረዳቱ ሱሪውን ሰብስቦ ባልዲውን ይዞ ይወርዳል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የታጠበ ቡና ማዘጋጀት በአገራችን ሲጀመር የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችም ወንዝ ዳር ተተከሉ። ያው ወንዝ ቡና ያጥባል፣ መኪና ያጥባል፣ ከብት ያጠጣል፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ እናቶች ይቀዱታል። መኪናው ጥቂት በነበረበት ዘመን ወንዙ ቻለው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በሰፊው ተጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ ክልል ከተሞች ተሻገረ። ከዚያ ቀደም ብሎ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ወጥቶ ነበር። በአዋጁ መሠረት ቤቱ የግል ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው ግን የሁሉም የጋራ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ ብዙ ሰው ከግል ግቢ ወደ ጋራ ግቢ ገባ። ቤቶቹ ሲታቀዱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ይኖርባቸዋል ተብሎ ስለነበር ለመኪና ብዙም አልታሰበም። ሰውየው ግን ሠርቶ፣ ተበድሮ፣ ቪትዝም ቢሆን ገዛ። መኪናው መጣ፤ ግቢው ግን የእሱ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ የሆነውን ኮንዶሚኒየም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ እሑድ ጠዋት ከምድር ቤት ቧንቧ ጎማ ስቦ ያጥባል። አራተኛ ፎቅ ያለችው እናት ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጠብቃ፣ ሳይደርሳት ይሄዳል። ሮቶው ባዶ ነው። ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ጭቃ ሆኗል። የኮሚቴ ስብሰባ ይጠራል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ «መኪና ማጠብ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። መኪና ያለውም ጀሪካንና ባልዲ ይዘው መንገድ ዳር ወደሚጠብቁት ወጣቶች ይሄዳል፤ እጣቢው በቦዩ አድርጎ ወንዝ ይገባል።

አንዳንዱ «አብዛኛው ነዋሪ መኪና የለው፣ ስለ መኪና ምን አስጨነቀን?» ይላል። ክርክሩ የሚገለበጠው እዚሁ ላይ ነው። መኪና ያለው ሰው ገንዘብ ከፍሎ መኪናውን ንጹሕ ያደርጋል። ዋጋውን የሚከፍለው መኪና የሌለው ነው፤ ሮቶው ሲደርቅበት፣ ግቢው ሲጨቀይበት፣ የሚቀዳው ወንዝ የሞተር ዘይትና የዱቄት ሳሙና ሲቀላቀልበት።

ወደ ሚዛንና ተፒ እንመለስ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተፒና ታርጫ የክልል መቀመጫዎች ሆነዋል። ቢሮ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሠራተኛ ሲመጣ ፎቅና መኪና ይከተላሉ። አዲስ አበባ የተሳሳተችውን ለመድገም ጊዜው ገና ነው፤ ለማስቀረትም ጊዜው አሁን ነው። እዚህ ያለው ወንዝ ደግሞ ተራ ወንዝ አይደለም። የሚዛን አካባቢ ውሃ ወደ ባሮ አኮቦ ይወርዳል፤ በቦንጋ በኩል ያለው ጎጀብ ኦሞን ይቀላቀላል። የካፋና የሸካ ደኖች በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው። ይህን ሁሉ ይዞ መኪናን ወንዝ ውስጥ ማስገባት ያሳፍራል። እርግጥ የቡና ማጠቢያውም ፍሳሽ ተጠያቂ ነው፤ የአንዱ ጥፋት ግን የሌላውን አያጸድቅም።

መፍትሔው ከሰማይ ይወርዳል፤ ቃል በቃል። በዚህ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያው 200 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ ብሎክ በዓመት 300,000 ሊትር ይቀበላል ማለት ነው። ሩቡ ፈስሶና ተንኖ ቢቀር እንኳ 225,000 ሊትር ይተርፋል። ለአንድ መኪና ሁለት ጀሪካን፣ ማለትም 40 ሊትር ይበቃል ቢባል፣ ይህ ከ5,000 እጥበት በላይ ነው። የቧንቧ ውሃ ሳይነካ፣ የአራተኛ ፎቋን እናት ሳያስቀይም።

የሚያስፈልገው ቀላል ነው፦ አሸንዳ፣ ትልቅ ሮቶ፣ ከግቢው ጥግ አንድ ሊሾ የተደረገ ቦታ፣ ከሥሩም አሸዋና ዘይት የሚያስቀር ጉድጓድ። ማኅበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ ያስገባው፤ በአካባቢው ያሉ ወጣቶች ተደራጅተው በክፍያ ይሥሩበት፤ ከገቢው ለግቢው ጥገና ይውጣ። የሚታጠብበትም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ጭቃውን በውሃ ማራስ፣ ከላይ ወደ ታች መውረድ፣ ለጎማና ለሥሩ የተለየ ጨርቅ መያዝ።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይባላል። ዝናብ ከዓመት እስከ ዓመት በማይለየው አገር፣ ጣሪያው ሲያፈስ እያደረ፣ ጎረቤት ለጎረቤት በአንድ ባልዲ ውሃ የሚጣላ ከሆነ ጥፋቱ የሰማዩ አይደለም። መኪና ወደ አገራችን ሲገባ ግቢ ያለው ሰው ብቻ ነበር የያዘው። ዛሬ ግቢ የሌለውም ይዞታል። የቀረን የጋራውን ግቢ ግቢ ማድረግ ነው።